ፔዲን ለምን መረጣችሁ? የሕፃናት ሐኪሞች እስቲ በእውነት ንገሩኝ

ኢንተርን_ጅማ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ነኝ፣ ኢንተርን፣ የመጨረሻ ዓመት የሕክምና ተማሪ። የፔዲ አታችመንቴ፣ ማለትም ሕፃናት ክፍል የምሠራበት ጊዜ፣ ሊያልቅ ነው። ስለ ስፔሻሊቲ ለማሰብ ገና ነህ የሚለኝ ይኖራል፤ ግን ኢንተርንሺፕ እንዴት እንደሚሮጥ ያለፋችሁበት ታውቁታላችሁ። የሬዚደንሲ (የስፔሻሊቲ ሥልጠና) ፈተናው ደርሶ «ምርጫህን በቅደም ተከተል ሙላ» ሲባል ከመደናገር አሁን ልጠይቅ ብዬ ነው።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። ከሁሉም ዲፓርትመንት ፔዲን ለምን መረጣችሁ? «ሕፃናት ስለምወድ» የሚለውን መልስ ሰምቼዋለሁ። ሕፃን የማይወድ ማን አለ? እናቴም ትወዳለች፣ ሰፈራችን ያለው ባለ ሱቅም ይወዳል። ለሌሊት ዲዩቲ፣ ደም ሥሩ ጠፍቶ ለሚጮኽ ሕፃንና አጠገቡ ቆማ ለምታለቅስ እናት ይሄ ብቻውን የሚበቃ አልመሰለኝም።

ቤት ውስጥ ሰርጀሪ ግባ ነው የሚሉኝ። አባቴ ከድሮ ጀምሮ የሚመኝልኝ እሱን ነው። ለአንድ ጓደኛዬ ፔዲ እያሰብኩ ነው ብለው «ብር የለውም እኮ» ብሎ ወሬውን ዘጋው።

እኔን ግን አንድ ነገር ይዞኛል። ባለፈው አንዲት የዓመት ከመንፈቅ ልጅ በተቅማጥና በትውከት ደርቃ መጣች። ዓይኗ ወደ ውስጥ ገብቷል፣ የሆዷን ቆዳ ቆንጥጠህ ስትለቀው ቶሎ አይመለስም፣ ስትወጋ እንኳ አታለቅስም። ሪንገር ላክቴት የሚባለው በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ በኪሎዋ ተሰልቶ ተጀመረላት። በኪሎ 100 ሚሊ ሊትር፤ 30ው በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት፣ ቀሪው 70 በሁለት ሰዓት ተኩል። ፈሳሹ ሳያልቅ ማልቀስ ጀመረች። እኛ ደግሞ በልቅሶዋ ተደሰትን። በኋላ ኦ አር ኤሱን በኩባያ ስንሰጣት ኩባያውን በሁለት እጇ ይዛ አልለቅም አለች።

ይሄ የጀማሪ ሞቅታ ነው ወይስ እናንተንም ያስገባችሁ እንዲህ ያለ ነገር ነው? የመረጣችሁም፣ እያወቃችሁ የተዋችሁትም፣ ወላጆችም ጻፉልኝ።


የሕፃናት_ሐኪም፦

ወንድሜ፣ ሞቅታ አይደለም። እኔ ሬዚደንሲዬን ጨርሼ እዚሁ ደቡብ ምዕራብ እየሠራሁ ነው፣ እኔንም ያስገባኝ እሱ ነው። ሕፃን ሲታመም ቶሎ ይወድቃል፣ ሲታከም ደግሞ ቶሎ ይነሣል። ሜዲካል ዋርድ ብትገባ ብዙው አዋቂ ስኳሩም፣ ግፊቱም፣ ኩላሊቱም አብሮ ነው፤ ለአንዱ የሰጠኸው ሌላውን እንዳይነካ እየተጠነቀቅክ ነው የምታክመው። አብዛኛው ሕፃን ግን ልቡም ኩላሊቱም ጤነኛ ነው። የያዘው አንድ ነገር ነው። ያንን አንድ ነገር በጊዜ ካገኘህለት፣ ገና ተምሮ፣ ሠርቶ፣ ወልዶ የሚያረጅ ሰው ነው ለእናቱ የምትመልሰው።

ፍጥነቱ ግን በሁለቱም በኩል ነው። ፈሳሽ ያለቀበት ሕፃን ልቡ እየሮጠ፣ የእጅ የእግሩን ደም ሥር እያጠበበ ግፊቱን ለብዙ ጊዜ ይዞ ይቆያል። ግፊቱ ወርዷል ስትባል መሽቷል ማለት ነው። ስለዚህ ማሽኑ ላይ ያለውን ቁጥር ብቻ አይተህ አትረጋጋም፣ ልጁን ታያለህ። እጁ ቀዝቅዟል? ጥፍሩን ተጭነህ ስትለቀው ደሙ ለመመለስ ከ3 ሴኮንድ በላይ ይፈጃል? እናቱን እያየ ነው ወይስ ዓይኑ የትም አያርፍም?

እኔ በዚህ ሙያ የወደድኩት ይሄንን ማየት ነው። ሕመምተኛህ እዚህ ጋ አመመኝ አይልህም፣ ቢልህም አምስት ዓመት የሞላው ልጅ ሳንባው ታሞ «ሆዴን» ይልሃል። ጎበዝ ሲኒየር ሲሠራ አይተህ ከሆነ ልጁን ከእናቱ ጭን አያወርደውም። ልብሱን ገለጥ ያደርግና ሳይነካው አንድ ሙሉ ደቂቃ ትንፋሹን ይቆጥራል። ሁለት ወር ላልሞላው 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከሁለት ወር እስከ ዓመት 50፣ ከዓመት እስከ አምስት ዓመት 40 ከሆነ ፈጣን ነው። የደረቱ የታችኛው ክፍል ሲተነፍስ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል? እሱን ያያል። ከዚያ ስቴቶስኮፑን በመዳፉ አሙቆ ያዳምጣል። ጉሮሮና ጆሮ ሁልጊዜ መጨረሻ ነው፣ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ ያለው ለቅሶ ብቻ ነው፣ ልብም ሳንባም አትሰማም። ይሄንን የሚተካ ምርመራ የለም። ገጠር ጤና ጣቢያ ራጅ በሌለበት የልጅ ሕይወት የሚተርፈው በዚህች አንድ ደቂቃ ነው።

ደግሞ ፔዲ የአንድ አካል ሐኪም አያደርግህም። ኪሎ ያልሞላ ጨቅላና የ13 ዓመት ጎረምሳ በአንድ ቀን ታያለህ፣ ልቡንም አእምሮውንም ኩላሊቱንም። መድኃኒቱ ሁሉ በኪሎ ነው፣ ፓራሲታሞል እንኳ በኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም ነው። አንዲት ነጥብ ቦታዋን ከሳተች ዶዙ አሥር እጥፍ ይሆናል። ይሄ የሚያስጨንቀው ሰው አለ። እኔን ያነቃኛል።

ከሁሉም በላይ የያዘኝ ግን የሚሞቱበት ምክንያት ነው። ልጆቻችን በብዛት የሚሞቱት መድኃኒት ባልተገኘለት በሽታ አይደለም። በሳንባ ምች፣ በተቅማጥ፣ በምግብ እጥረት፣ ሲወለዱ በመታፈን፣ ያለ ጊዜያቸው በመወለድ ነው። የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቱን ተመልከት። እ.ኤ.አ. በ2000 በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ልጆች 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2016 ወደ 67 ወርዷል። ክትባቱ አለበት፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ አሉበት፣ ለምግብ እጥረት የሚሰጠው ፕላምፒናትና ለተቅማጥ የሚሰጠው ዚንክ አለበት። የሳንባ ምች ክትባቱ ፒሲቪ በ2011፣ የተቅማጡ ክትባት ሮታ በ2013 ነው የገባው፤ ያኔ ዋርድ የነበሩ ሰዎችን ብትጠይቃቸው ልዩነቱን ይነግሩሃል። የመጀመሪያ ወራቸውን ሳይጨርሱ የሚሞቱት ጨቅላዎች ግን በዚያው ጊዜ ከ49 ወደ 29 ነው የወረዱት። በዚያ ፍጥነት አልሄደም። የቀረው ትልቁ ሥራ እዚያ ነው፣ ያንተ ዘመን ሐኪሞች ናችሁ የምትሠሩት።

ፔዲ የገባ ሰው ዋርድ ውስጥ ብቻ ይቀራል ያለህ ካለ ደግሞ ስለ ፕሮፌሰር ደምሴ ሀብቴ አንብብ። የሕፃናት ሐኪም ናቸው። አዲስ አበባ የሕክምና ፋኩልቲውን በዲንነት መርተዋል፣ ባንግላዴሽ ዳካ ያለውን ዓለም አቀፍ የተቅማጥ በሽታዎች ምርምር ማዕከል በዳይሬክተርነት መርተዋል፣ በኋላም የኢትዮጵያ ሳይንስ አካዳሚ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነዋል።

ሕፃናት መውደድስ? ያስፈልጋል፣ ግን እሱ ብቻውን አያቆይህም። አብሮን ከነበሩት ሁሉ ልጆች እላዩ ላይ የሚንጠላጠሉበት አንድ ጓደኛችን ነበር። ቀድሞ የተወው እሱ ነው። ሲሞቱበት አልቻለም።


ኢንተርናል_ገባሁ፦

ከላይ የተጻፈው እውነት ነው። ግን ሌላውንም ሰምተህ ግባ።

እኔም ፔዲ ነበር የምፈልገው። ሐሳቤን ቀይሬ ኢንተርናል (የአዋቂዎች የውስጥ ደዌ ሕክምና) የገባሁት ጂፒ፣ ጠቅላላ ሐኪም፣ ሆኜ ወረዳ ላይ ስሠራ ባየሁት ነው። አዋቂ ሲሞት ቤተሰቡ ይጮሃል፣ ያለቅሳል፣ አንተም ታዝናለህ፣ ማታ ግን ትተኛለህ። ልጅ ሲሞት እናትየው ብዙ ጊዜ አትጮኽም። ልብሱን ታጥፋለች። ያንን አይቼ ቤቴ ገብቼ ምግብ መብላት አቃተኝ፣ በማግስቱም አቃተኝ። ይሄ ድክመት ነው ብዬ አላምንም፣ ሰው ልኩን ማወቅ አለበት።

ሌላው፣ ሕመምተኛህ አንድ ሰው አይደለም። አንድ ሕፃን ከእናት፣ ከአባት፣ ከአያትና ከጎረቤት ጋር ነው የሚመጣው፣ አስታማሚው ሁሉ የየራሱ ሐሳብ አለው። እንጥሉን አስቆርጠው፣ ግግ አስወጥተው ካመረቀዘ በኋላ ያመጡልሃል። እዚያ ላይ አያትየዋን ብትቆጣ ልክ ነህ፣ ግን በሚቀጥለው ጊዜ ልጁን አያመጡትም። ንዴትህን ዋጥ አድርገህ «እማማ፣ ይሄኛው እንዲህ ነው የሚያደርገው» እያልክ ቁጭ ብለህ የምታስረዳ ካልሆንክ ፔዲ ይከብድሃል። እኔ ከአዋቂው ጋር በቀጥታ ማውራት ይቀለኛል።

ብሩን በተመለከተ ጓደኛህ አልዋሸህም። የግል ክሊኒክ ላይ የሚከፈለው በብዛት ፕሮሲጀር (እንደ ቀዶ ሕክምና ያለ በእጅ የሚሠራ ሥራ) ላለው ነው። ፔዲ ላይ የምትሰጠው ጊዜህንና ጭንቅላትህን ነው፣ ለእሱ ደግሞ የትም አገር ጥሩ አይከፍሉም። አሜሪካ እንኳ የሕፃናት ሐኪሞች ዝቅተኛ ከሚከፈላቸው ስፔሻሊስቶች መካከል ናቸው። ቤተሰብ የምትረዳ ከሆነ ይሄንን አስበህበት ግባ፣ አያሳፍርም።

አንድ ነገር ልጨምር። ሁሉም መርጦ የገባ አይምሰልህ። ውጤት አለ፣ ስፖንሰር አለ፣ የቦታ ቁጥር አለ። አንደኛ ምርጫውን ሌላ ሞልቶ ፔዲ የደረሰው ሰው አውቃለሁ። የመጀመሪያው ዓመት ላይ ሲያማርር ነበር፣ አሁን ውጣ ብትለው አይወጣም።


ሲስተር_ጨቅላ_ክፍል፦

ልጆቼ፣ እኔ ነርስ ነኝ፣ ከእናንተ ውስጥ ላይን (የደም ሥር መስመር) ማስገባት ያስተማርኩት ሳይኖር አይቀርም። ለምን እንደሚመርጡ እነሱ ይናገሩ። እኔ ማን እንደሚቆይ ልንገራችሁ።

ጨቅላ ክፍል ውስጥ ችኩል ሰው አይቆይም። ክር የምታህል ደም ሥር ላይ ካኑላ ለማስገባት እጅህ ብቻ አይደለም የሚረጋው፣ ትንፋሽህም መርጋት አለበት። ሁለት ሦስት ጊዜ ስቶ እልህ የሚይዘው አለ፣ እልህ ሲይዘው ሕፃኑን ያቆስለዋል። ሌላው ደግሞ ስቶ፣ እጁን አሙቆ፣ «ሲስተር እስቲ አንቺ ሞክሪ» ብሎ ቦታውን ይለቃል። እንዲህ ያለው ሲኒየር ይሆናል።

1,200 ግራም የሚመዝን ሕፃን እንዴት እንደሚተርፍ ያላየ ሰው ፔዲን አልገባውም። ዳይፐር፣ ኮፍያና ካልሲ ብቻ አድርጎ እናቱ ደረት ላይ ቆዳ ለቆዳ ይለጠፋል፣ እግሩ እንደ ተጣጠፈ በነጠላ ይታሰራል። ሙቀቱ ከ36.5 እንዳይወርድ ነው። እናቱ ቁጭ ብላ ትተኛለች፣ ቁጭ ብላ ትበላለች። ወተቷን አልባ በቲዩብ ይሰጠዋል፣ በሚሊ ሊትር ተለክቶ፣ ሌሊትም ቀንም። ካንጋሮ የሚባለው ይሄ ነው። የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1978 ኮሎምቢያ ቦጎታ ውስጥ ኢንኩቤተር ባልበቃበት ሆስፒታል ነው፣ ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅት ያለ ጊዜያቸው ለተወለዱና ክብደታቸው ላነሰ ጨቅላዎች ሁሉ ይመክረዋል።

እዚህ ላይ ነው ሐኪም የሚለየው። አንዳንዱ ይሄንን ሥራ ብሎ አይቆጥረውም፣ መድኃኒት ጽፎ ይወጣል። አንዳንዱ ግን ጠዋት ገና ራውንድ (የሐኪሞች ጉብኝት) ሳይጀመር ካርዱን ገልጦ ክብደቱን ያያል። ሕፃኑ 20 ግራም ጨምሮ ከሆነ ለእናትየው ሄዶ ይነግራታል። ከከፋም፣ ከዳውሮም፣ ከየምም፣ ከኢሉባቦርም የሚመጡ እናቶች አሉን፤ ብዙዎቹ አማርኛ አይሰሙም። ከአምስት ወር በላይ ጅማ ኖሮ «ጠባ ወይ?» የሚለውን በኦሮምኛ መጠየቅ የማይችል ተማሪ ሳይ አዝናለሁ። ፔዲ ልትገባ ካሰብክ ልጄ፣ ከመድኃኒቱ መጽሐፍ ጋር ቋንቋውንም አጥና። በአስተርጓሚ የሚገኝ ሂስትሪ (የሕመም ታሪክ) ግማሹ መንገድ ላይ ይቀራል።

ዲሊቨሪ ላይም ግባ። ሲወለድ ያላለቀሰ ሕፃን ተጠርጎ፣ ጀርባው ታሽቶ፣ አሁንም ካልተነፈሰ የመጀመሪያዋ ደቂቃ ሳታልፍ በአምቡ ባግ፣ በእጅ እየተጨመቀ አየር በሚሰጠው ከረጢት፣ መተንፈስ መጀመር አለበት። በዚያች ደቂቃ ውስጥ እጁ የማይንቀጠቀጥ ሐኪም ሆኖ መገኘት ያስደስትሃል? መልስህ አዎ ከሆነ ሌላ አትጠይቅ።


እናት_ከአጋሮ፦

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ወላጆችም ጻፉ ስላልክ ነው።

ልጄ ዘጠኝ ዓመቱ ላይ ጉልበቱ አበጠ፣ ሳምንት ሳይቆይ ወደ ክርኑ ዞረ፣ ትኩሳትም አለው። መጀመሪያ የወሰድኩት ቦታ ብርድ ነው ብለው ማስታገሻ ሰጥተው መለሱን። ጅማ ይዤው ስመጣ ያየችው የሕፃናት ሐኪም ልጅቷ ወጣት ናት፣ ምን ታውቃለች ብዬ ነበር። ቁጭ አለችና እሱን ጠየቀችው፣ እኔን አይደለም። ስሙን፣ ስንተኛ ክፍል እንደሆነ፣ ኳስ ይጫወት እንደሆነ። «ስትሮጥ ከጓደኞችህ ቀድመህ ይደክምሃል?» አለችው። አዎ አላት። ለእኔ ግን ነግሮኝ አያውቅም! ከዚያ ልቡን ለረጅም ጊዜ አዳመጠችው፣ አስቀምጣም አስተኝታም።

ከዚያ በፊት ጉሮሮውን አሞት እንደነበር ያስታወስኩት እሷ ስትጠይቀኝ ነው። ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም ልብ ድረስ እንደሚሄድ ያኔ ሰማሁ። አሁን በየአራት ሳምንቱ ቤንዛታይን ፔኒሲሊን ይወጋል፣ መርፌው ያማል፣ ግን ራሱ ነው ቀኑን የሚያስታውሰኝ። እሷ ለምን ይሄን ሙያ እንደመረጠች አላውቅም። ልጄን እንደ ሰው ጠየቀችው፣ እሱም እንደ ሰው መለሰላት። አንተም እንዲህ የምታደርግ ከሆነ ግባበት ልጄ፣ እናቶች እንጸልይልሃለን።


ኢንተርን_ጅማ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ በተለይ የአጋሮዋን እናት። እግዜር ይማርልሽ እናቴ።

የሕፃናት_ሐኪም፣ ሁለት ነገር ልጠይቅህ። ያ ጓደኛህ ሲሞቱበት አልቻለም ያልከው፣ አንተ እንዴት ቻልከው? ሁለተኛ፣ ከፔዲ በኋላ ሰብ ስፔሻሊቲ መቀጠል ይቻላል ወይስ እዚያው ነው?


የሕፃናት_ሐኪም፦

ከሁለተኛው ልጀምር። ፔዲ ሦስት ዓመት ነው፣ ከዚያ ጨቅላ፣ ልብ፣ ካንሰር፣ ኩላሊት፣ ነርቭ እያልክ መቀጠል ትችላለህ። አንድ ሰው በዚህ ምን ያህል እንደሚሄድ ለማየት የዶክተር በላይ አበጋዝን ሥራ ተመልከት። የሕፃናት የልብ ሐኪም ናቸው። የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃውን እ.ኤ.አ. በ1989 መሠረቱ፣ ከብዙ ዓመት ልፋት በኋላ ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ የልብ ማዕከል ቆመ። እንደ እናታችን ልጅ ላሉት ልብ ቀዶ ሕክምና ውጭ አገር ካልተላኩ የማይታሰብበት ጊዜ ነበር።

አንደኛውን በአጭሩ ልመልስልህ አልችልም። አልቻልኩትም፣ ለመድኩትም አልልህም፤ ለመድኩ የሚል የሕፃናት ሐኪም ካገኘህ ልጅህን አታሳየው። የማደርገው አለ። ልጁ ካለፈ በኋላ ከወላጆቹ ጋር እቀመጣለሁ፣ ቆሜ አልነግራቸውም። የሆነውን በሚገባቸው ቃል እነግራቸዋለሁ። እናትየዋ «ቀድሜ ባመጣው ይተርፍ ነበር?» ብላ ትጠይቃለች፣ ሁሉም ይጠይቃሉ። እሷ ላይ ሸክም አልጭንም፣ አልዋሽም ግን። «ያየሽውን ያህል አድርገሻል» እላታለሁ፣ ለሚቀጥለው ልጅዋ የትኛው ምልክት ሲታይ እንደምትሮጥ አሳያታለሁ። ከዚያ ከቡድኑ ጋር ካርዱን ገልጠን የቱ ጋ ዘገየን ብለን እናያለን። ከነርሶቹ ጋር ቡና እንጠጣለን። ብቻዬን ወደ ቤት አልሄድም። ጓደኛችን ብቻውን ነበር የሚሄደው፣ ማንም አልጠየቀውም። አንተ የትም ብትገባ አብሮህ የሚቀመጥ ሲኒየር ያለበትን ፕሮግራም ፈልግ፣ ከስሙ ይልቅ እሱን ጠይቅ።

ፎርሙን ከመሙላትህ በፊት አንድ ምክር። ዋርዱን አይተሃል፣ እሱ አይበቃም። ጅማ የተማርከው ማኅበረሰብ ውስጥ ገብቶ በመሥራት ነው፣ የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ1983 ሲጀመር ጀምሮ የያዘው መንገድ ነው። ለቲም ትሬኒንግ፣ ለቡድን የመስክ ሥልጠናው፣ ጤና ጣቢያ ስትወጣ ከአምስት ዓመት በታች ክፍሉ ውስጥ ተቀመጥ፣ የክትባት ቀን ላይ ሥራ፣ የክንድ ዙሪያ ልኬቱን ራስህ ያዝ። ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነ፣ ማለትም በምግብ እጥረት ክፉኛ የተጎዳ፣ ልጅ ስታገኝ ቤቱ ድረስ ሂድና ምን እንደሚበላ እይ። ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ የተቀባችው መለኪያ ኪስህ ውስጥ ትግባ፣ ሲስተርን ጠይቃት፣ ትርፍ አያጡም።


ሲስተር_ጨቅላ_ክፍል፦

አለኝ። ነገ ጠዋት ከራውንድ በፊት ና፣ ሚዛንም አብረን እናያለን።